«ጄሶ ነው!» ያለው ምድጃ

ቭላስታ ቤተ መንግሥት አይታ አትጠግብም። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ቲማቲም ይተክላል፤ እሷ ግን ከጓንት ፋብሪካው በተሰናበተች በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍራ የመሳፍንት ግንብ ልታይ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በአገሯ በሞራቪያ ምድር ያልረገጠችው ግንብ ቢኖር ጣሪያው የፈረሰ ብቻ ነው። ስታወራ የሰማት ሰው የመሳፍንቱ የቅርብ ዘመድ ትመስለዋለች። «የዚህኛው ግንብ ደረጃ ምን አለው ብለሽ ነው፤ የዚያኛውን ደረጃ ያየሽ እንደሆነ ግን ስትወርጂ ንግሥት፣ ስትወጪ መልአክ ነሽ» ትላለች፤ ደግሞ ከልቧ ነው።

የባሏ እህት ሚላዳ ይህ ነገር ፈጽሞ አይገባትም። ሚላዳ ጉልበቷን የሚያማት፣ ምላሷን ግን አንድም ቀን አሟት የማያውቅ ሴት ናት። «የሰው አልጋ ለማየት ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ? ያውም የሞተ ሰው አልጋ!» እያለች ስትስቅባት ኖራለች። በዚያ የሰኔ ቅዳሜ ቭላስታን ተከትላ ቬሴሎቭ የሄደችውም ልቧ ተለውጦ አይደለም። ቤቷ ቀለም እየተቀባ ስለነበር፣ ሽታውን ሸሽታ ነው።

ቬሴሎቭ ለቭላስታ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። አባቷ የጄሶ ባለሙያ ነበር፤ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች እዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሁለት በጋ ሠርቷል። ምሳ ስታደርስለት ግንቡን ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ ግን ግንቡ የመዝገብ ማከማቻ ሆነና በሩ ተቆለፈ፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ባለፈው ዓመት ነው ለሕዝብ የተከፈተው። ቭላስታ ያን ዕለት ጠዋት ከጉጉቷ የተነሣ ካልሲዋን ሁለት ጊዜ ገልብጣ ነው ያደረገችው።

መግቢያው ላይ ከጫማ በላይ የሚጠለቅ ትልልቅ የሱፍ ነጠላ ጫማ ይታደላል፤ ፓርኬው፣ የእንጨቱ ወለል፣ እንዳይጫር ነው። ሚላዳ መጀመሪያ «ይሄ የዝሆን ነው» ብላ አኮረፈች። ነገር ግን የመጀመሪያውን አዳራሽ ስትረግጥ እግሯ ሳታዝዘው ሸርተት አለ፤ ሌላኛውም ተከተለ።

«አንቺ ቭላስታ! ጉልበቴን አላመመኝም!»

«ተንሸራተቺ እንጂ አትራመጂ።»

ተንሸራተቱ። ሁለት አሮጊቶች፣ የእጅ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ስድስት መስኮት ያለውን አዳራሽ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጀልባ ቀዘፉት።

«እዚያ ጋ ያላችሁት እመቤቶች!» የሚል ድምፅ አስቆማቸው። አስጎብኚው አቶ ሃቭራኔክ ነበሩ፤ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነው የኖሩ፣ አንገታቸው ላይ ቀይ የቢራቢሮ ክራባት ያሰሩ ሰው። እሳቸው ጡረታ ቢወጡም ድምፃቸው ጡረታ አልወጣም ነበር። ሠላሳውን ጎብኚ በሁለት ረድፍ አሰልፈው፣ በእንጨት ዘንግ እየጠቆሙ ያስተምራሉ። «ምንም ነገር አይነካም። አንድም ነገር!»

ቭላስታ ለመንካት ጊዜም አልነበራት፤ ዓይኗ አልበቃት ብሎ ነበር። ኮርኒሱ ሰማይ ነው። ደመናውና መላእክቱ ሁሉ የተሳሉ ናቸው፤ የአንደኛው መልአክ እግር ግን ሥዕሉ አልበቃው ብሎ፣ ከክፈፉ አልፎ፣ የተቀረጸ ወፍራም እግር ሆኖ ራሳቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ልጅ ይወድቃል» አለች ሚላዳ።

«ሦስት መቶ ዓመት አልወደቀም።»

«እኔ እስካሁን ከሥሩ አልቆምኩማ!»

የሚቀጥለው ክፍል ግድግዳው በሙሉ የሐር ወረቀት ነው፤ በወርቃማ መደብ ላይ ወፎች፣ ቀርከሃ፣ ደግሞ ወፎች። ቭላስታ ራሷ ዞረ። አቶ ሃቭራኔክ ሰዎቹን ወደ ትልቁ አዳራሽ ሲያሻግሩ እሷ አንዲት ሰማያዊ ወፍ ፊት ተገትራ ቀረች። ሚላዳ መቀመጫ ፈለገች፤ ወንበሮቹ ሁሉ በገመድ ታጥረዋል። «እንግዲህ ግድግዳ ላይ መደገፍ ደግሞ መንካት አይባልም» አለችና ጀርባዋን አንድ ሽመላ ላይ ጣለች።

ግድግዳው ዋጣት።

ቭላስታ የሚላዳን ክንድ ለመያዝ ስትዘል እሷም አብራ ገባች። ከኋላቸው በስሱ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ግድግዳ የመሰለው ነገር በወረቀት የተሸፈነ በር ኖሯል፤ በውስጥ በኩል ደግሞ እጀታ የለውም። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ከላይ በምትገባ ትንሽ ብርሃን፣ ፊት ለፊት ተያዩ።

«ሞትን» አለች ሚላዳ።

ቭላስታ ግን እጆቿን አጨበጨበች። «የአገልጋዮቹ መተላለፊያ ነው! ሚላዳ፣ ስንት ግንብ ዞሬ አንድም ቀን እዚህ አላስገቡኝም!»

«ዛሬስ ማን አስገባሽ? እኔ ነኝ በቂጤ የከፈትኩልሽ።»

ሳቅ ያዛቸው። አፋቸውን በእጃቸው አፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ሄዱ። መተላለፊያው ከየክፍሉ ጀርባ እየተጠማዘዘ ያልፋል። በየጥቂት እርምጃው ከወለሉ ከፍ ብሎ አንድ የብረት መዝጊያ አለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? እስር ቤት?»

«የምድጃ አፍ ነዋ! ክፍሎቹ ውስጥ እነዚያ ነጫጭ የሸክላ ምድጃዎች አላየሽም? እንጨት የሚከተተው ከዚህ ነው። መሳፍንቱ አመድም ሆነ አመድ የሚጠርግ ሰው ማየት አይፈልጉማ።»

«ቆይ፣ እኔ እኮ በዚያ ዘመን ብወለድ የምወለደው እዚህ ኖሯል» አለች ሚላዳ። «አንቺ ደግሞ እስከ ዛሬ አልጋቸውን እያየሽ ስትቃትቺ!»

ቭላስታ መልስ ልትሰጣት አፏን ስትከፍት፣ ከሚቀጥለው የብረት መዝጊያ ውስጥ የአቶ ሃቭራኔክ ድምፅ እንደ ጉድጓድ ውሃ ተንቆረቆረ። ትልቁ አዳራሽ ደርሰዋል ማለት ነው።

«... እነዚህ አሥራ ሁለት ዓምዶች፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የተቀረጹት ከንጹሕ የጣሊያን እብነ በረድ ነው። ልዑሉ በአርባ በሬ እያስጎተተ፣ በበረዶ ተራራ አሻግሮ ነው ያስመጣቸው!»

ቭላስታ ቀጥ ብላ ቆመች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። አባቷ ትዝ አላት፤ ጄሶውን በቀለም እንደ ሊጥ ሲያቦካ፣ እንደ ቋሊማ ሲቆርጥ፣ የፈረሰውን ዓምድ በቁራጮቹ ሲለብጥ፣ ከዚያ በድንጋይ ለሳምንታት ሲወለውል፣ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኖ። ጎንበስ አለች፣ የብረት መዝጊያውን ከፈተች፣ ጭንቅላቷን ምድጃው ውስጥ እስከ ትከሻዋ ከተተች።

«ጄሶ ነው!»



«ምድጃው ተናገረ» አለ ከአዳራሹ አንድ የሴት ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«ማነው ያሾፈው?» አሉ አቶ ሃቭራኔክ በርእሰ መምህር ድምፅ።

«ማንም አላሾፈም። ጄሶ ነው ነው የምልዎት። አሥራ ሁለቱም!»

ሚላዳ የቭላስታን ቀሚስ ከኋላ ጎተተች። «አንቺ ሴትዮ! ለዚህ ነው የምትጣሪው? በሩን ክፈቱልን በያቸው እንጂ!»

«ቆይ አንዴ!» አለች ቭላስታ።

«እሺ፣ እቆያለሁ» አሉ አቶ ሃቭራኔክ ለእሳቸው የተባለ መስሏቸው። ጎብኚዎቹ በሳቅ ፈነዱ። እሳቸውም ክብራቸውን ለማዳን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፦ «ወይዘሮ ... ወይዘሮ ምድጃ፤ በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው እብነ በረድ ተብሎ ነው።»

«መጽሐፉ ዓምድ ነክቶ አያውቅም! የመስኮቶቹ ደፍ እውነተኛ እብነ በረድ ነው። ጉንጭዎን መጀመሪያ እዚያ ላይ ያድርጉ፤ ከዚያ ዓምዱ ላይ። እብነ በረድ ሙቀትዎን ይሰርቅዎታል። ጄሶ ግን ትንሽ ሲቆይ ይሞቃል፣ እንደ ሰው።»

«መንካት ክልክል ነው» አሉ አቶ ሃቭራኔክ፤ ድምፃቸው ግን ከስቷል።

ከዚያ አንድ የሱፍ ጫማ ሲንሸራተት ተሰማ፤ ከዚያ ሦስት፤ ከዚያ የሁሉም።

«ኧረ ይሄ ደፍ በረዶ ነው!»

«ዓምዱ ይሞቃል! እናንተ፣ እውነትም ይሞቃል!»

«ዞር በል እስቲ፣ የእኔ ተራ ነው!»

ሚላዳ ቭላስታን በዳሌዋ ገፋ አድርጋ የራሷን ጭንቅላት ከተተች። «ሰዎች! ጉንጫችሁን ስትጨርሱ እኛን አውጡን! እዚህ የገባነው ለማገዶ አይደለም!»

በዚህ መሐል የግንቡ ኃላፊ ወይዘሮ ሲኮሮቫ በጫጫታው ደንግጠው፣ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ መጡ። የማይስቁ ሴት እንደሆኑ አገር ያውቃል። አዳራሹን ሲከፍቱ ያዩት ግን ይህን ነው፦ ሠላሳ ሰው ዓምዶቹን አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩን ለጥፏል፤ ከአሥራ ሁለተኛው ዓምድ ጋር አቶ ሃቭራኔክ ራሳቸው ተጣብቀዋል፣ ክራባታቸው ወደ ጆሯቸው ዞሯል፤ ከምድጃው ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት ስለ ጉልበቷ ታማርራለች።

ከምድጃው አጠገብ ያለውን ስውር በር ከፈቱት። ቭላስታና ሚላዳ ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ፣ ዓይናቸውና ጥርሳቸው ብቻ እየበራ ወጡ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡላቸው። ሚላዳ እጅ ነሣች።

«አርባ በሬ ብያለሁ» አሉ አቶ ሃቭራኔክ፣ አሳዛኝ ሆነው። «ዓመቱን ሙሉ አርባ በሬ ብያለሁ።»

«መጽሐፉ ላይ በሬ አለ?» ብላ ጠየቀች ሚላዳ።

«የለም። በሬዎቹ ... የእኔ ናቸው።»

ወይዘሮ ሲኮሮቫ ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቃቸውን ሳል አስመስለው ዋጡት።

ቭላስታ ግን ማንንም አልሰማችም። አዳራሹን እያየች ነበር። አሥራ ሁለቱ ዓምዶች፣ ሮዝና ግራጫ ደም ሥር እየተጠላለፈባቸው፣ ከመስኮቶቹ በሚገባው ብርሃን እርጥብ መስለው ያበራሉ። ልጅ ሳለች በማቅና በመወጣጫ ተሸፍነው እንጂ እንዲህ ሁሉም በአንድነት ተገልጠው አይታቸው አታውቅም። ደስታው ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት። «ይሄን ሁሉ አባቴ ነው የጠገነው» አለች፤ ከዚያ ማንም ሳይቀድማት ሄዳ ቅርቡን ዓምድ በሁለት እጇ አቀፈችና ጉንጯን አሳረፈችበት።

ቀና ስትል አንድ ሙሉ ፊት፣ ከአፍንጫና ከአገጭ ጋር፣ በጥላሸት ታትሞ ዓምዱ ላይ ቀርቷል።

ወይዘሮ ሲኮሮቫ ጄሶ መስለው ነጡ። «ውሃ! ጨርቅ!» ብለው ጮኹ።

«ውሃ እንዳይነካው!» ቭላስታ ከእሳቸው አብልጣ ጮኸች። «ውሃ ይገድለዋል። ዳቦ! ዳቦ ያለው ሰው!»

ለመንገድ የተጠበሰ ሥጋ፣ ኮቶሌት፣ በዳቦ ያልያዘ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። ሠላሳ ቦርሳ ባንድ ጊዜ ተከፈተ። ሚላዳ የራሷን ኮቶሌት አውጥታ ለወይዘሮ ሲኮሮቫ አስያዘችና ዳቦውን ለቭላስታ ወረወረች። «ቅባት የነካውን አይደለም፣ ለስላሳውን ውስጡን ብቻ» እያለች ቭላስታ አዘዘች፤ የዳቦውን ልብ በመዳፏ እያድቦለቦለች ጥላሸቱን ቀስ አድርጋ ማንሣት ጀመረች፤ አባቷ የጭስ እድፍ ሲያነሣ እንዳየችው። ኳሱ ሲጠቁር ሌላ ይቀበሏታል። አፍንጫው ሄደ፤ ግንባሩ ሄደ፤ አገጩ ትንሽ አስቸገረና እሱም ሄደ። ዓምዱ መልሶ አበራ።

ወይዘሮ ሲኮሮቫ ኮቶሌቱን እንደያዙ ቀርበው አዩ። ዓይናቸውን አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«የአባትዎ ስም ማን ይባል ነበር?» አሉ በመጨረሻ። «በመዝገባችን ላይ ‹ባለሙያዎች› ከሚል በቀር ምንም የለም።»

«ቦሁሚር። ቦሁሚር ዶስታል።»

ኃላፊዋ እጃቸው ባዶ ስላልነበረ አቶ ሃቭራኔክን አዘዟቸው፤ እሳቸውም ስሙን መጽሐፋቸው ጥግ ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፉ። «እብነ በረድ» የሚለውንም ሰረዙ፤ እንደ ፈተና ወረቀት፣ በቀይ። ከዚያ ወይዘሮ ሲኮሮቫ ወዲያና ወዲህ ካዩ በኋላ ኮቶሌቱን ለሚላዳ መለሱና፣ ፈጠን ብለው፣ ጉንጫቸውን ዓምዱ ላይ አደረጉ። «ኧረ ይሞቃል!» አሉ። እንደ ልጅ ሳቁ።

ሁለቱ ሴቶች በግቢው ቧንቧ ፊታቸውን ሲታጠቡ አውቶቡሱ ሊነሣ ሩብ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ሚላዳ በሳቅ ብዛት ሆዷን ይዛ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች፤ «ወይዘሮ ምድጃ!» ትልና እንደገና ይጀምራታል። በዚህ ጊዜ አቶ ሃቭራኔክ በሱፍ ጫማቸው እንዳሉ ጠጠሩ ላይ እየተደናቀፉ ሲሮጡ መጡ።

«እመቤቶቼ! አንድ ጥያቄ ብቻ! የግብር አዳራሹ ኮርኒስ ... ዋንዛ የመሰለ ጥቁር እንጨት ነው እላለሁ። እውነት እንጨት ነው?»

ቭላስታ ሚላዳን አየቻት። አውቶቡሱ ከግንቡ በር ውጭ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር።

«እኔን ምን ታይኛለሽ?» አለች ሚላዳ እየተነሣች። «ነይ እንሂድ፤ አንኳኩተን እንየው። ግን መሰላሉን የምትወጪው አንቺ ነሽ፣ እኔ ጉልበቴን ነው።»

አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ጡሩንባውን ነፋ፤ ሄደም። ሦስቱ ግን ያን ጊዜ ፓርኬው ላይ ደርሰው፣ ርእሰ መምህሩን መሐል አድርገው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየተንሸራተቱ ነበር።