የቸኮለው ቤዝ

ካሴቱን ለማንም አደራ አልሰጠሁም፤ በቦርሳዬ ይዤው ማክሰኞ ጠዋት ራሴ ወደ ስቱዲዮው ሄድኩ። ባለቤቴ ከማረፉ ሁለት ወር በፊት ወጥ ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ቤዝ ጊታሩን ብቻውን የተጫወተበት ነው። ዘፈኑን ከባንዱ ጋር ለመቅዳት ጊዜ አላገኘም።

የባንዱ የድሮ አሳታሚ ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ የሮክ አልበም የሚያወጣላቸው ጠፍቶ አሥራ ስምንት ዓመት ዝም ብለው ነበር። አሁን አንድ አዲስ ድርጅት ተቀበላቸው። ዘጠኙን ዘፈን ከሌላ ቤዝ ተጫዋች ጋር ቀድተዋል። አሥረኛው በባለቤቴ ካሴት ላይ እንዲሠራ የጠየቁት እነሱ ናቸው፤ እኔ አልለመንኩም።

ድራም መቺው በር ላይ ጠበቀኝ። መዶሻ ብሎ ስም ያወጣለት ባለቤቴ ነው። ፀጉሩ ጥጥ መስሏል፤ የጂንስ ጃኬቱን ግን አልጣለም።

«ይሄ ጃኬት ዛሬም ይቆለፍልሃል?» አልኩት።

«ቆሜ ትንፋሼን ከዋጥኩ አዎ። መቀመጥ ነው የማይቻለው» አለ።

የድርጅቱ ድምፅ ቀጂ ካሴቱን አስጀምሮ ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተከለ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«እትዬ፣ አጨዋወታቸው ግሩም ነው» አለኝ። «አዝማቹ ጋ ሲደርሱ ግን ይቸኩላሉ። ከፈቀዱልኝ በኮምፒውተር ላስተካክለው።»

«ካስተካከልከው የእሱ አይሆንም» አልኩ።

«ሠላሳ ዓመት የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው» አለ መዶሻ። «መድረክ ላይ ‹አንተ ሰውዬ፣ አውቶቡስ ሊያመልጥህ ነው?› እለው ነበር። ተወው፣ አትንካው፤ እኔ እከተለዋለሁ።»

«እሺ፣ ይሞክሩት» አለ ቀጂው። « ድራሙ አብሮት ካልሄደ ግን ካሴቱን ትቼ ቤዙን ሌላ ሰው እንዲጫወተው አደርጋለሁ። አልበሙን ዛሬ ማስረከብ አለብኝ።»

መዶሻ ጃኬቱን አውልቆ ከመስታወቱ ማዶ ድራሙ ጋ ተቀመጠ። አዝማቹ ሲደርስ ቤዙ ጥሎት ሄደ። ደገሙት፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አሳረፋቸው።

«እጄ እምቢ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱን ወደ ኋላ መጎተት ነው ያስለመድኩት።»

ቀጂው ሰዓቱን ተመለከተ።

እኔ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ባለቤቴ የሚለማመደው በዚያው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሊቸኩል ሲል በአፍንጫው አጭር ትንፋሽ ይስባል። ብዙ ጊዜ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ጠብቄዋለሁ። ቅድም ግድግዳውን ሳይም ካሴቱ ላይ ያንን ትንፋሹን ሰምቼዋለሁ።

«ወንበር ስጡኝ» አልኩ።

ወደ ድራሙ ክፍል ገብቼ ከመዶሻ ፊት ለፊት ተቀመጥኩና ማዳመጫ አጠለቅኩ። «እጄን ሳነሳ አትጎትተው፣ ልቀቀው» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው ባንዱ ውስጥ የገባሽው?»

«ዝም ብለህ ምታ።»

ካሴቱ ተጀመረ። ጣቶቹ ክሩ ላይ ሲንሸራተቱ፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ከዚያ ትንፋሹ መጣ። እጄን አነሳሁ፤ መዶሻ ለቀቀው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሮጡ። በሁለተኛው አዝማችም እንዲሁ። በመጨረሻው መዶሻ እጄን ማየት ትቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ዘፈኑ ሲያበቃ ቀጂው በመስታወቱ ማዶ አውራ ጣቱን አሳየን። «ተሳክቷል! ካሴቱ እንዳለ ይገባል። እትዬ፣ ማዳመጫውን ሊያወልቁት ይችላሉ።»

አላወለቅኩትም።

«ሁለተኛው አዝማች ላይ ድራሙ ትንሽ ዘግይቷል» አልኩ።

አልዘገየም ነበር። ቀጂው ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብሎ ሊከራከረኝ አፉን ሲከፍት መዶሻ በሁለት እጄ የያዝኩትን ማዳመጫ አይቶ ቀደመው።

«ልክ ናት፣ ዘግይቻለሁ» አለና ዱላዎቹን አነሳ። «ከመጀመሪያው አጫውተው።»