ጠመኔ ያልነካት መኪና

መካኒኩ መኪና ሲመረምር ጠመኔ ጆሮው ላይ ሰክቶ ነው። ችግር ያገኘበት ቦታ ላይ ነጭ መስመር ያሰምራል። ደንበኞቹ አፉን አይጠብቁም፤ መስመሩን ቆጥረው ነው የሚገዙት ወይም የሚሸሹት።

የዛሬዋን መኪና ሊገዛት አስቦ ያመጣት ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ረዘም ያለች፣ ከኋላዋ ሰፊ የዕቃ ቦታ ያላት የቤተሰብ መኪና። እናታቸውንም ይዞ መጥቶ፣ ጋራዡ በር ላይ፣ ጥላ ሥር፣ በተሽከርካሪ ወንበሯ አስቀምጧታል።

«ወንድም ጋሼ፣ የእማዬ ወንበር ታጥፎ ከኋላ ይገባል። ገመድ የለ፣ ጣጣ የለ። ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ ክሊኒክ እኔ አደርሳታለሁ፤ አንተም እረፍ» አለው።

ማን ደከመኝ አለው? ጉልበቷ ከከዳት ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ የእሱ ነበር። ወንበሩን ትንሿ መኪናው ጣሪያ ላይ በገመድ ጠፍሮ ያስራል፣ እናቱን አቅፎ ያነሳል፤ እሷም አንገቱን ጥምጥም አድርጋ ይዛ በጆሮው ትመርቀዋለች። ያን ምርቃት ሌላ ሰው ሰምቶት አያውቅም። ታናሽየው ልጅ ሳሉ ጫማውን ወርሶታል፣ አልጋውን ወርሶታል፤ አሁን ደግሞ ሐሙሱ አማረው። ቅናት አንገበገበው።

እንከን ፍለጋ ገባ። ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን አየ፤ ንጹሕ ነው። ከሥሯ ተንጋሎ የሚያንጠባጥብ ነገር ፈለገ፤ ደረቅ ነው። ዳገት ላይ ነዳት፣ ድንገት ፍሬን ያዘ፤ ቀጥ ብላ ቆመች። የኋላ መቀመጫዎቹን ቢያጥፋቸው አልጋ የሚያክል ቦታ ወጣ። ይሄ ሁሉ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

ተመልሶ ሲወርድ፣ «ይቅርብህ፤ ማርሹ ሊሞት ነው» አለ።

ታናሽየው ፊቱ ጠቆረ እንጂ አልተከራከረም። ወንድም ጋሼ ካለ፣ አለ ነው። ለሻጩ ሊደውል ስልኩን አወጣ።

እናትየው መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ ስታያት ቆየች።

«ልጄ፣ ጠመኔህ አለቀብህ እንዴ?» አለችው ቀስ ብላ።

ዞር ብሎ አየ። መኪናዋ ላይ አንዲት ነጭ መስመር የለችም። የሃያ ዓመት ልማዱን ውሸቱ አስረስቶታል። አሁንም ቢሆን እጁ ወደ ጠመኔው አልሄድ አለው። ጆሮው በእፍረት ጋለ።

«እስቲ አንቺ ሞክሪያት» አለና ወንበሯን ወደ መኪናዋ በር ገፋ።

ሊያነሳት ጎንበስ ብሎ አንገቱን ሰጣት። እሷ ግን ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ ጨበጠች። መቀመጫው ቁመቱ ከወንበሯ እኩል ነው፤ ማንም ሳይነካት ተንሸራታ ገባችና እንደ ልጃገረድ ሳቀች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትስቅ አልሰማትም።

«ማርሹስ?» አለ ታናሽየው።

«ደህና ነው። ግዛት።»

እናትየው በመስኮቱ ብቅ ብላ ሁለቱንም ጮክ ብላ መረቀቻቸው፤ የጋራዡ ሰው ሁሉ አሜን አለ። መካኒኩ ግን አሜን ማለት አቃተው። በአደባባይ፣ ከወንድሙ ጋር እኩል ሲመረቅ የመጀመሪያው ነበር።