ብቻውን የሚወዳደረው ባሌ

ቤታችን ውስጥ ፀሐይ ተከሳሽ ከሆነች ሦስት ዓመት አለፋት። ባሌ ሬዲዮኑ ላይ ተጣርቶ ሰው ካልመለሰለት ጥፋቱ የፀሐይ ነው። “ዛሬ ተቆጥታለች፤ አየሩን አናውጣዋለች” ይላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ ሰማይ የማውቀው ያጠብኩት ይደርቅልኛል ወይስ አይደርቅልኝም የሚለውን ብቻ ነው። ነገር ግን ፀሐይ በሌለችበት ሲፈረድባት ዝም ብዬ መስማቴ ይከነክነኛል። ጥፋተኛው የራሱ ጆሮ እንደሆነ ካወቅሁ ቆይቻለሁ።

ባሌ ጡረታ የወጣ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ስልክ ሲያገናኝ ኖሮ አልበቃው ብሎ ቤትም ሲገባ ያው ነው። የእንግዳ ክፍላችንን ሬዲዮ ወርሶታል፤ እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ነው የሚተኛው። ጓሮ የብረት ምሰሶ ቆሟል፤ ከምሰሶው ወደ ጣሪያው ሽቦ ተወጥሯል። አንድ ጊዜ አንሶላ ባሰጣበት ባሌ ሙሉ ቀን አኮረፈኝ። ሰፈርተኛው “ጋሽ አንቴና” ነው የሚለው፤ ልጃችንም ትምህርት ቤት ሳለች “የአንቴና ልጅ” ተብላ ነው ያደገችው።

አማተር ሬዲዮ ይሉታል፤ ያለ ደሞዝ የሚሠራ ሥራ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከቅዳሜ ቀትር እስከ እሑድ ቀትር፣ ከየቤታቸው ሆነው ይወዳደራሉ። ከብዙ ሰው ጋር የተገናኘ ያሸንፋል። ሲገናኙ ወሬ የለም፤ እንዴት እንደተሰማሙና ያኛው ስንተኛ ሰዋቸው እንደሆነ የሚነግረውን ቁጥር ተለዋውጠው ይለያያሉ። ያቺን ቁጥር አንዱ አሳስቶ ከጻፈ ግንኙነቱ ይሰረዝበታል፤ ዳኞቹ በኋላ የሁለቱን መዝገብ ያስተያያሉ። ስለዚህ ውድድሩ የመናገር ይመስላል እንጂ የመስማት ነው።

አንድ ሌላ ሕግም አለ፤ የዚህ ቤት ጣጣ ሁሉ ከሱ የመጣ ነው። ተወዳዳሪ ወይ “ብቻውን” ይመዘገባል ወይ “በቡድን”። ብቻውን የተመዘገበ ሰው ማንም አይሰማለትም፤ “እገሌ እየጠራህ ነው” ብሎ እንኳ የሚጠቁመው አይኖርም። ባሌ ከወጣትነቱ ጀምሮ ብቻውን ነው የሚወዳደረው። እኛ ቤት ዳኛ የለ፣ ዘበኛ የለ፣ ቢረዱህ ማን ያውቃል ብዬ አንድ ቀን ጠየቅሁት። “እኔ አውቃለሁ” ብሎኝ ሻዩን መጠጣቱን ቀጠለ።

በነዚያ ሁለት ቀናት እኔም ሥራ እፈታለሁ። የስፌት መኪናዬ ሞተር ሬዲዮኑ ውስጥ ገብቶ ይጮህበታል። ፍሪጁም ይነቀላል፤ ወተቱ ቢበላሽ ዕጣው ነው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ በእጄ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፤ ከወዲያ የሚመጣውን ሁሉ ደግሞ እሰማለሁ። ሳልፈልግ ተማርኩት ብል ይሻላል።

የጆሮውን ነገር መጀመሪያ የነቃችበት ልጃችን ናት። ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ወፍራም ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭኑ ነው የሄደበት። የሴት፣ የሕፃን፣ የወፍ፣ የማንቆርቆሪያ ፉጨት። ባሌ ሐኪሙን አመስግኖ ወጣና ለጎረቤት ምን አለ መሰላችሁ፤ ወፎቹ ሰፈሩን ለቀው ሄዱ አለ። መንደሩ ሁሉ ጆሮው እንደደከመ ያወራል፣ እሱ ብቻ ወሬው አልደረሰውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። የተገዛለት መስሚያ ከሬዲዮ ማዳመጫው ሥር ሲገባ ይቆረቁረኛል ብሎ ከብሎኖቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ማዳመጫውንም ትቶ በትንሹ ድምፅ ማጉያ ፋንታ ትልቅ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ውድድሩን ጎረቤትም ይከታተላል።

እኔ ደግሞ ከሐኪሙ እንደተመለስን ድምፄን አወፈርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። በጉሮሮዬ ሳይሆን በደረቴ መናገር ለመድኩ። ጎረቤቴ ጉንፋን ይዞሽ ነው ወይ ብላ ዝንጅብል ላከችልኝ። ልብስ የምሰፋላቸው ደንበኞቼ ስልክ ሲደውሉ “ጋሼ፣ ልብስ ሰፊዋን ያቅርቡልኝ” ይሉኛል። ባሌ ግን አንድ ጠዋት ቀና ብሎ “እሜቴ፣ ሰሞኑን ድምፅሽ እንዴት እንዳማረበት” አለኝ። ሙገሳውን ተቀብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

የዘንድሮው ውድድር ዋዜማ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ወንበሩን ዘይት እየቀባ አንድ ነገር ተናገረ። አምና ብዙ ግንኙነት ተሰርዞበታል፤ ዘንድሮም እንደዚያው ከሆነ ምሰሶውን አውርዶ ሬዲዮኑን ለአማተሮቹ ማኅበር ይሰጣል። ቀለል አድርጎ ነው የተናገረው፤ አሮጌ ቁም ሣጥን ስለማውጣት የሚያወራ ነው የሚመስለው። ያንን ምሰሶ ስረግም ነው የኖርኩት፤ ያን ዕለት ግን ሆዴ ባባ። ሰው ቤት ስንጋበዝ ያልሰማውን ቀልድ ከሌላው ጋር እየሳቀ፣ ከሁሉ ቀድሞ ደህና እደሩ ማለት ጀምሯል። ከሰው ጋር የቀረው አንድ በር ያ ሬዲዮ ነው፤ እሱ ከተዘጋ ከኛም ጋር ማውራት ይተዋል ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ጀመረ። ይጠራል፣ ያዳምጣል፣ ይጽፋል። ወንዶቹን ጥሩ አድርጎ ይሰማቸዋል። ሴት ስትጠራው ግን “ማንም የለም” ይልና ጥሪውን ይደግማል፤ እሷም ትደግማለች፣ እሱም ይደግማል። የሚመጣውን ድምፅ ለማወፈር ማዞሪያውን ትንሽ ዞር ሲያደርገው ቃሉ ይቦካበታል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ምላሴን ነክሼ ቁልፍ እተክላለሁ፤ የአንድ ሸሚዝ ቁልፍ ሁሉ በተሳሳተ ጎን ተተከለ።

ወደ አመሻሹ አንዲት ልጅ መጣች። ትጠራዋለች፣ አትሰለችም። አራዳ ብትሆን ትታው ወደ ሌላው ትሄድ ነበር፤ ምስኪን፣ እዚያው ደጁ ላይ ቆማ ቀረች። አንጀቴን በላችው። ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩና አንዲት ሴት እየጠራችህ ነው አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። እጄን ኪሱ ስከት የያዘኝ ነው የሚመስለው።

“የሰማሽው አንቺ ነሽ” አለኝ። “እኔ አልሰማሁም። ያልሰማሁትን ሰው አገኘሁት ብዬ አልጽፍም።”

ከዚያ ማዞሪያውን አዙሮ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ልጅቷን ደጅ ላይ ትቷት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩ፤ በድሮው ቀጭን ድምፄ ስለተናገርኩት አልሰማኝም። ተናድጃለሁ፣ ግን በንዴቴ ውስጥ ኩራትም ነበረበት። ማንም በማያየው ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ነው ያገባሁት።

እሑድ ረፋድ ላይ ፊቱ ገርጥቷል። ከፊቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ የጻፈው ከአምናው ያንሳል። ፀሐይንም አልከሰሳትም፤ ይሄ ነው የበለጠ ያስፈራኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው፤ ጎርናናው።

ጎርናናው በሩቅ አገር የሚኖር ሰው ነው። ባሌ በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ግን ሁለቱም ይህን ውድድር የጀመሩት በአንድ ዓመት ነው፣ ገና በወጣትነታቸው። በርሜል በድንጋይ ላይ ሲንከባለል የመሰለ ድምፅ አለው፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ሁልጊዜ በዚያችው በለመዱት የማዞሪያ ቦታ ይገናኛሉ። የጎርናናው የጥሪ መለያ፣ በሬዲዮ የሚጠራበት የፊደል ስም ማለት ነው፣ መጨረሻው “ኪሎ ታንጎ ኪሎ” ይላል፤ ገበያ ወጥቶ መሐል ላይ የሚጨፍር ሰው ነው እያልኩ እስቅበት ነበር። ቁጥር ተለዋውጠው ሲጨርሱ ጎርናናው ጠረጴዛውን በእጁ ሁለቴ ይመታል። ኳ ኳ። በድምፅ ሳይሆን የቴሌግራፍ ቁልፍ እየመቱ ይነጋገሩ ከነበረበት ጊዜ የቀረ ስንብት ነው፤ ባሌም መልሶ ይመታል፤ ዓመቱ በዚያ ይዘጋል። እኔም ግድግዳ ለግድግዳ ስሰማው ኖሬ እንደ ባሌ ወንድም ነው የምቆጥረው።

ሰዓቱ ደረሰ። ባሌ ወደ ቦታቸው ሄዶ ጠራ። ዝም። ድጋሚ ጠራ። ከማጉያው የሚወጣው የዝናብ ድምፅ የመሰለ ሹሹታ ብቻ ነው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ መርፌዬን ይዤ ቀረሁ፤ በሹሹታው ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ አለ። የወጣት ሴት። ኪሎ ታንጎ ኪሎ ትላለች። ጆሮዬ ነው ብዬ ተውኩት። ደገመችው፤ ኪሎ ታንጎ ኪሎ፣ ከዚያ የባሌን መለያ አስከትላ።

ባሌ ጎንበስ ብሎ ማጉያው ላይ ሊደፋ ደረሰ። ማዞሪያውን አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ አደረገ። በመጨረሻ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

“ቁልፉ ዝም ብሏል ማለት ነው” አለ፣ ለራሱ።

እነሱ ከመካከላቸው ሰው ሲሞት ሞተ አይሉም፤ ቁልፉ ዝም አለ ነው የሚሉት። ባሌ በቁሙ ያለ ወዳጁን እየቀበረ ነው፤ መለያው ደግሞ የሌላ ሰው ሊሆን አይችልም፤ ወዳጁ በሰው አፍ ደጁን እያንኳኳ ነው። ብነግረው በገዛ ሕጉ ያጣዋል። ባልነግረው ምሰሶው ነገውኑ ይወርዳል፣ እሱም አብሮ። የኔ ፍርሃት ከሱ ሕግ አይበልጥም ብዬ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ፣ ይበልጣል ብዬ ገባሁ።

“እየጠራህ ነው” አልኩት፣ በደረቴ ድምፅ።

“ማን?”

“ኪሎ ታንጎ ኪሎ። በሴት ልጅ አፍ።”

አየኝ፣ ማጉያውን አየ፣ እንደገና አየኝ። የትናንቱን መልስ እየጠበቅሁ ነበር። እጁ ኮምፒውተሩ ላይ ሄደ። “ብቻውን” የሚለው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ያንን ቃል ከኔ በፊት ነው ያገባው። ከዚያ ነካው፣ “በቡድን” አደረገው። አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ የተከመረውን ገመድ ሁሉ ወለሉ ላይ አራገፈ።

“ተቀመጪ፣ እሜቴ” አለኝ።

ማይኩን ተጭኖ መለሰላት። ልጅቷ እንደገና ስትናገር በጆሮው ሥር ሆኜ አንድ በአንድ ነገርኩት። የጎርናናው ልጅ ናት። አባቷ ጉሮሮውን በቀዶ ሕክምና ታክሞ ድኗል፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም። አጠገቧ ተቀምጧል፤ ይሰማናል። ውድድሩን ሁሉ ትቶ ለዚህ ሰዓት ብቻ ነው ሬዲዮኑን ያስከፈታት። ቁጥሩንም ሰጠችን፤ አንድ ብላ። ዘንድሮ ያናገሩት የመጀመሪያ ሰው እኛ ነን።

ባሌ ቁጥሩን መጻፉን ትቶ ወደ ኔ ዞረ። የሚያየው አፌን ነው።

“ድምፅሽ” አለኝ። “ያወፈርሽው ለኔ ነው?”

“ታዲያ ለጎረቤት ነው?” አልኩት።

ቁጥሩን ጻፈ። ማይኩን አነሣ። ሲጫነው የተናገረው የውድድር ቃል አልነበረም። በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ስንት ሰው እንደሚያዳምጥ እሱ ያውቃል፤ ከሐኪሙ ቀን ጀምሮ ለልጁም ለኔም ያልተናገረውን ለዓለም ሁሉ ተናገረው።

“ወዳጄ፣ የኔም ጆሮ ሄዷል” አለ። “አሁን የምትሰማልኝ ሚስቴ ናት።”

ማይኩን ለቀቀ። ሹሹታው ተመለሰ። ልጅቷ አባቷን እያየች ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ እኔም ባሌን እያየሁ ነው።

ከዚያ ከሹሹታው ውስጥ መጣ። ኳ ኳ።

ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አነሣ።

“ይሄን ሰማሁት” አለኝ።

ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና እሱም ጠረጴዛችንን ሁለቴ መታ፤ የሻይ ብርጭቆው ዘለለ። ልጅቷ ደህና ሁኑ ብላ ሄደች። እኔ አለቀ ብዬ ልነሣ ስል ክንዴን ያዘ።

“ወዴት ነው?” አለኝ። “ሰዓት አለን። ስሚማ፣ ሌላ ማን እየጠራ ነው?”

ወንበሬን ወደ ማጉያው ጠጋ አደረግሁ።