የፈረሱ ስም

ግሪኩ ነጋዴ ያኒ ቡና ሊገዛ በጋምቤላ በኩል መቱ ገብቶ ወንድይራድ ቤት ካረፈ ወዲህ ነገረ ሥራው ሁሉ እንደ አገሬው ሆኖ ነበር። የጥምቀት ዕለት ደግሞ ጉግስ ካልገባሁ ብሎ ድርቅ አለ። ወንድይራድ እንግዳ ማስቀየም አይሆንለትምና ፈረሱን ሰጠው፤ በፈረሱም ስም «አባ መብረቅ» አለው። ሲያባርሩት ጋሻውን ወደ ኋላ አድርጎ አንገቱን እንዲሰብር አስተማረው። ስሙን ሲጠሩት ዞር እንዳይል ግን አልነገረውም። ይኼስ ይነገራል? በጉግስ ሰው የሚጠራው ሊሞገስ እንጂ ሊመለከት እንዳልሆነ የመቱ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

ያኒ ሜዳውን እየሰነጠቀ ሲጋልብ ወንድይራድን ደስታ አላስችል አለው። «አባ መብረቅ!» ብሎ ጮኸ። ያኒ በአገሩ ደንብ የጠራውን ሰው ሊያይ ፊቱን መለሰ። የአሳዳጁ ዘንግ ዓይኑ ላይ አረፈ።

አንደኛው ዓይን ያኔውኑ ፈሰሰ፤ ሌላውም ሰንብቶ ጨለመ። ወደ አገሩ እንዳይሰዱት የጋምቤላው መርከብ የባሮ ወንዝ በክረምት ካልሞላ አይመጣም። የወንድይራድ ሚስት እታፈራሁ ቁስሉን ታጥባለች። ባሏ ከያኒ መደብ አጠገብ ይውላል፤ ጥፋቱን ሊነግረው ይጀምርና ስለ ቡና ዋጋ ያወራዋል።

አንድ ጠዋት፣ እንግዳው የተኛ መስሎት፣ ወንድይራድ በለሆሳስ «ያኒ» አለ።

ያኒ በጨርቅ የታሰረ ፊቱን ወደ ድምፁ መለሰ፤ ልክ እንደዚያ ቀን፣ ቀልጠፍ ብሎ፣ ፈገግ እያለ።