መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት

ሳሉ የተሰማቸው ሰገነቱ ላይ ምንጣፍ ሲያራግፉ ነው። ሻለቃ መጀመሪያ ከታች ከመንገዱ የመጣ መስሏቸው ዱላውን እንደገና አነሱ። ሁለተኛው ሳል ግን ከጀርባቸው ነበር፤ ደረቅ፣ ፋታ የማይሰጥ፣ መሀሉ ላይ የሚያፏጭ። ምንጣፉን ብረቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ትተው ወደ ውስጥ ሮጡ።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ከአሥር ደቂቃ በፊት ራሳቸው ግጥም አድርገው ዘግተውት ነበር። ሲገፉት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ፊታቸውን መታቸው። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሚጣ ከመጸዳጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ በአንድ እጇ ሱሪዋን፣ በሌላው ጉሮሮዋን ይዛ ታስላለች።

"ሽንቴ..." አለች፤ ከዚያ ማለፍ አቃታት።

ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ገቡና በብብቷ አፈፍ አድርገው አወጧት። በሩን በእግራቸው ረግጠው ዘጉት። ሰገነቱ ላይ አውጥተው ነፋስ ፊት አስቀመጧት፤ አልተሻላትም። አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ ቦታ ትንፋሽ በሳበች ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የአስም መንፊያዋን ኢንሄለር አምጥተው አንድ ጊዜ ነፉላት፣ ደገሙላት። ጠበቁ። ከንፈሯ ዳር ዳሩ ሲጠቁር ሲያዩ ስልካቸውንም ቁልፋቸውንም ረስተው በጀርባቸው አዘሏትና አራት ፎቅ ደረጃ መውረድ ጀመሩ። ጉልበታቸው ድሮ የካዳቸው ሴትዮ ናቸው፤ በዚያች ቀን ጉልበት እንዳላቸውም አላስታወሱ።

ወታደር ሆነው አያውቁም። "ሻለቃ" የሚለውን ስም ያወጡላቸው ሃያ ሰባት ዓመት የቀዶ ሕክምና ክፍሎችን ያጸዱበት ሆስፒታል ባልደረቦቻቸው ናቸው። ወለል ላይ አንዲት ጠብታ ካዩ ዶክተር ሳይቀር አስቁመው ይቆጡ ነበር። ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ቤት ሲገቡ ስሙም ጓዙን ጠቅልሎ አብሯቸው ገባ። በሕንፃው ውስጥ እንደሳቸው መታጠቢያ ቤቱ የሚያበራ ሰው የለም። ጎረቤት ሊጠይቅ መጥቶ "እጅ ልታጠብ" ብሎ ሲገባ፣ ሲወጣ የሚለውን ለመስማት በሩ አካባቢ ምክንያት ፈልገው ይንጎራደዱ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪም ሚጣን መርምሮ አስሟ እየባሰ የመጣው ቤት ውስጥ በምትተነፍሰው ነገር ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። በረኪናውን፣ የሽንት ቤት አሲዱን፣ የሚረጨውን የነፍሳት ማጥፊያ ቀንሱ፣ ከተቻለም አስወጡ አለ። ልጃቸው ያንኑ ቀን ራት ላይ ነገራቸው። እሳቸውም "እሺ" አሉ። በልባቸው ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሆስፒታል ያጸዳሁት እኔ ነኝ፣ ሐኪሙ አይደለም ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያጸዱት ልጃቸውና ምራታቸው ሥራ ሲሄዱ ሆነ።

ክሊኒኩ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ነርሷ ልጅቷን ገና በር ላይ ስታያት ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ አሳልፋ አስገባቻት። ፊቷ ላይ ጭምብል አደረጉላት፤ እንፋሎት መሰል መድኃኒት በቱቦው ይመጣ ጀመር።

"ምን ተንፍሳ ነው?" አለች ነርሷ፣ ዓይኗን ከሚጣ ደረት ሳትነቅል።

"ቤት እያጸዳሁ ነበር። አቧራ ይሆናል።"

"አቧራ ብቻ?"

"አስም አለባት እኮ ልጄ። ካርዷ ላይ አለ።"

ነርሷ ካርዱን አስወጥታ አየችው። ጥግ ላይ ወደተጻፈው የእናትየው ስልክ ደውላ በሁለት ቃል ጨረሰች። ተመልሳ ሚጣ ጣት ላይ የተሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ተመለከተችና ፊቷን ቅጭም አደረገች። ከዚያ የሻለቃን እጅ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

"እጅዎ በረኪና በረኪና ይላል፣ እማማ።"

"በረኪና የማይገባበት ቤት አለ እንዴ?"

"ልፈርድብዎ አይደለም የምጠይቀው። አስሟ ብቻ ከሆነ ሲሻላት ትወስዷታላችሁ። ሌላ ነገር ሳንባዋ ገብቶ ከሆነ ግን አሁን የተሻላት መስሎ ቤት ከደረሰች በኋላ ሊብስባት ይችላል። ሐኪሙ የሚወስነው እርስዎ የሚነግሩንን ይዞ ነው።"

ሻለቃ ሥራ የጀመሩበት ሳምንት ትዝ አላቸው። የጽዳት ኃላፊዋ አሲዱን ከክፍሉ አንድ ጥግ፣ በረኪናውን ከሌላው ጥግ አስቀምጣ መሀል ላይ ቆመች፤ "እነዚህ ሁለቱ አይገናኙም" አለች። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችም። ለዓመታት አክብረውት ኖረዋል። አንድ ቀን ኃላፊዋ በሌለችበት፣ አልለቅ ያለ ነጠብጣብ ላይ ሁለቱን አገናኟቸው። መስኮቱ ወለል ብሎ የተከፈተ ሰፊ ክፍል ነበር፤ ትንሽ አስነጠሳቸው፣ እድፉ ለቀቀ። የልጃቸው መታጠቢያ ቤት ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም፣ መስኮት የሚባል ነገር ያልተሠራለት ክፍል ነው።

በሩ ተበርግዶ ምራታቸው ገባች። ፀጉር ሠሪ ናት። ሽርጧን አልፈታችም፤ ግራ እጇ ላይ ቀለም የነካካው ጓንት እንዳለ ነው። ልጇን አቅፋ፣ ጭምብሉ ሥር ያለውን ፊቷን አይታ፣ ወደ አማቷ ዞረች።

"ምን ሆና ነው፣ እማማ?"

ነርሷም ታያቸዋለች። ሚጣም ከጭምብሉ በላይ በቀሉ ዓይኖቿ ታያቸዋለች። አቧራ ነው ቢሉ ልጅቷ መናገር አትችልም። ምራታቸውም ታምን ይሆናል።

"አሲድ አፍስሼ ነበር" አሉ። ድምፃቸው ለራሳቸውም ሩቅ መሰላቸው። "በላዩ በረኪና ጨመርኩበት። እድፉን እንዲበላልኝ ብዬ በሩን ዘጋሁት። ሰገነት ወጥቼ ሳለ ሽንቷ መጥቶ ገባች።"

"ሁለቱን አንድ ላይ?" አለች ነርሷ።

"አንድ ላይ።"

"ምን ያህል ቆየች?"

"ሳሏን እንደሰማሁ ነው የሮጥኩት። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት... አላውቅም። የመጀመሪያውን ሳል ከመንገድ መስሎኝ ነበር።"

ነርሷ ሐኪሙን ልትጠራ ወጣች። ምራታቸው አልጮኸችም። ጓንቱን ከእጇ ላይ ጣት በጣት አወለቀችና ከአልጋው ማዶ ሄዳ ተቀመጠች። ጥላቻ የለበትም፣ ግን ከእሳቸው የራቀው ጎን ነው። ሻለቃ ከዚህ ይልቅ ብትጮኽባቸው ይመርጡ ነበር።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆዩ። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ መጥቶ ደረቷን አዳመጠ፤ በሦስተኛው "ጥሩ ነው" አለና ለምን እንደቆየች አስረዳቸው፤ ማታም ትንፋሿ ካጠረ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመልሷት አስጠነቀቀ። ሚጣ ጭምብሉ ሲነሳላት መጀመሪያ የጠየቀችው ሱሪዋ ስለመርጠቡ ማን እንዳወቀ ነበር።

"ማንም" አለቻት እናቷ።

"እማማስ?"

"እሳቸውም አላዩም።"

ሻለቃ መስኮት መስኮቱን አዩ።

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው፣ ሚስቱ ደውላለት፣ ቀድሞ ገብቷል። የመብራት መስመር ዘርጊ ነው፤ የሥራ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። በርና መስኮቱን ሁሉ በርግዶ፣ መጸዳጃውን ደጋግሞ በውኃ ለቅቆበት፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ባዶ አድርጎታል። ያለው ሁሉ ሰገነቱ ላይ ተደርድሯል፤ ሦስት በረኪና፣ አሲድ፣ የመስታወት ማጽጃ፣ ሁለት ቆርቆሮ የነፍሳት ማጥፊያ፣ ክዳኑ የዛገ የቀለም ማቅጠኛ፣ ምን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ሰማያዊ ፈሳሽ በዘይት ጠርሙስ።

ሚጣን ስሞ እናቷ ይዛት እንድትገባ ጠበቀ።

"እማዬ፣ ታውቂ ነበር? ሁለቱ አብረው እንደማይሆኑ?"

"አውቅ ነበር።"

"ሐኪሙ ያለውንስ ስነግርሽ እሺ ያልሽው?"

"እንድትተወኝ ነው።" ግድግዳውን ተደግፈው ሰገነቱ በር ላይ ቆሙ። "እናንተ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ትገባላችሁ። እኔ እዚህ ቤት የማውቀው ሥራ ማጽዳት ብቻ ነው። እሱንም አትችይበትም ስትሉኝ..."

"ማን አትችይም አለሽ?"

ዓይናቸውን ጠርሙሶቹ ላይ ተከሉ። እሱም አላጨቃጨቃቸውም። ጎንበስ ብሎ የጠርሙሶቹን ጽሑፍ እያነበበ የሚቀረውና የሚወገደው ብሎ ለሁለት ከፈላቸው።

ምራታቸው ከመኝታ ቤት ወጣች። በእጇ ሁለት የፀጉር ስፕሬይና የማለስለሻ ቆርቆሮ ይዛለች፤ ለልምምድ እያለች ቤት የምታመጣቸው ናቸው። ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠቻቸው።

"እኔም ከዚህ በኋላ ሥራ ቤት ትቼው ነው የምመጣው" አለች። "ልብሴንም እዚያው እቀይራለሁ።" ይህን ስትል ማንንም አላየችም፤ ሻለቃ ግን ለእሳቸው የተባለ መሆኑ ገብቷቸዋል። እንባቸው ሊመጣ ሲል ጠርሙስ እንደሚቆጥሩ ሆነው አጎነበሱ።

ልጃቸው ድንገት ቀና አለ። "አሲዱ አንድ ብቻ ነው እንዴ? ቅዳሜ ለታ ሁለት አይቻለሁ።"

ሻለቃ ጠርሙሶቹን መቁጠራቸውን ቀጠሉ።

"እማዬ?"

"አንዱን ለሦስተኛ ፎቋ ሰጥቻታለሁ። ለአራሷ። የኛ መታጠቢያ ቤት እንዴት እንዲህ ያበራል ብላ ስትጠይቀኝ... ግማሹን ተጠቅሜ የቀረውን በውኃ ጠርሙስ ገልብጬ።"

"በውኃ ጠርሙስ?" አለች ምራታቸው።

"እንዴት እንደምትጠቀምበትም ነገርኳት።"

 ምራታቸው ጫማዋን ፈልጋ ማድረግ ጀመረች። "እኔ ሄጄ ላምጣው። እርስዎ ይረፉ፤ ቀኑን ሙሉ ቆመዋል።"

"ምን ብለሽ ታመጪዋለሽ?"

"አማቴ ፈልገውት ነው እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?"

ደግ ሐሳብ ነበር። ጠርሙሱ ይመለሳል፣ ስማቸውም ሳይነካ ይቀራል። ሻለቃ ሻርፓቸውን ከመስቀያው አወረዱ።

"ተይው፤ የሰጠኋት እኔ ነኝ" አሉና ወጡ።

አራሷ በሩን የከፈተችው ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ ለጥፋ ነው። ግቡ ግቡ አለቻቸው፤ እሳቸው መድረኩን አላለፉም።

"ያን በጠርሙስ የሰጠሁሽን አምጪልኝ" አሉ። "ተጠቅመሽበታል?"

"ገና ነኝ። ይኼ አላስቀምጥ ብሎኝ። ነገ ልሞክረው ነበር፣ በረኪናም አስገዝቻለሁ።"

"እንዳትሞክሪው። ያልኩሽን ሁሉ እርሺው። ዛሬ ሚጣን በሱ ልገድላት ነበር።"

ሴትየዋ የሕፃኑን ጭንቅላት በመዳፏ ሸፈነች። ሻለቃ ሳይጠየቁ ሁሉንም ነገሯት፤ የዘጉትን በር፣ ከመንገድ መስሏቸው ያለፉትን ሳል፣ ክሊኒኩ ውስጥ "አቧራ ነው" ያሉትን ሳይቀር። ሴትየዋ ገብታ ጠርሙሱን ከእቃ መደርደሪያው ላይ አመጣችላቸው። ከመጠጥ ውኃው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበር፤ መልኩም ውኃ ነው።

"በሳሙናና በሙቅ ውኃ ፈትጊው፤ ይበቃል" አሉ ጠርሙሱን እየተቀበሉ። "ባያበራም ይቅር።"

ሊዞሩ ሲሉ አራሷ ጠራቻቸው። ፊቷ ላይ ኀፍረት መሰል ነገር አለ።

"እማማ... እኔ ለስድስተኛ ፎቋ ነግሬያታለሁ። ለአስተማሪዋ። እሷም ለእህቷ ልንገራት ስትል ነበር። የሻለቃ ዘዴ ነው ብያቸው..."

ሻለቃ ደረጃውን ቀና ብለው አዩት። የልጃቸው በር አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ክፍት ነው፤ የሚጣ ድምፅ ይሰማል፣ ውኃ ስጡኝ እያለች ነው። አሳንሰሩ ከተበላሸ ወር አልፎታል። ቀን የረሱት ጉልበታቸው አሁን እየጠዘጠዘ ነው፤ ለስድስተኛ ፎቋ ነገ ጠዋት ቢነግሯትም ማንም አይወቅሳቸውም።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው?" አሉ።

"አርብ ነው፣ እማማ።"

"አስተማሪዋ ቤቷን የምታጸዳው መቼ ነው?"

"አርብ ማታ፣ ከሥራ ስትገባ።"

ሻለቃ ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። በሌላው እጃቸው የደረጃውን ብረት ጨበጡና መውጣት ጀመሩ። በልጃቸው በር ሲያልፉ ምራታቸው ብቅ አለች።

"ወዴት ነው?"

"ስድስተኛ" አሉ፣ ሳይቆሙ።