ረጅሙና አጭሩ ሞተር

ወንድም ጋሼ ሲሞት ግቢው ውስጥ ሁለት ሞተር ቀረ፤ አንዱ የሱ፣ አንዱ የኔ። ያንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። ጉልበታቸው አንድ፣ ታንካቸው አንድ፣ ቀለማቸው እንኳ አንድ ነው። ከሩቅ ያያቸው ሰው መንታ ይላቸዋል፤ የተቀመጠባቸው ግን አይሳሳትም። የሱ የፊት ጎማው ትልቅና ቀጭን፣ ሞላው ረጅም፣ መሪው ሰፊ ነው። ቆመው እንዲነዱት የተሠራ ነው። የኔ ጎማው አነስ ይላል፤ መቀመጫው ዝቅ ብሎ ወገብ ያቅፋል፣ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይደርሳሉ።

ሥራችን አንድ ነበር፤ ተራራ ላይ የተተከሉ የስልክ ማማዎችን እየዞርን እንጠግናለን። እሱ ይቀድማል፣ እኔ እከተላለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ጓንታችንን ሳናወልቅ ክርክር እንጀምራለን።

«ያንተ ሞተር አይደለም፣ ሶፋ ነው» ይለኛል። «የጎደለው ቴሌቪዥን ብቻ ነው።»

«ያንተ ደግሞ መሰላል ነው ጋሼ። መሰላል ላይ ቁጭ ብሎ እንዴት ይታጠፋል?»

«አጭር ሰው ያየውን ሁሉ መሰላል ይላል።»

መታጠፍ ላይ ግን እረታው ነበር። «የኔ መታጠፊያ ሲደርስ ሐሳቤን ያውቃል፤ ራሱ ነው የሚታጠፈው» ስለው ለሁሉም ነገር መልስ የማያጣው ሰውዬ ፈገግ ብሎ «እስቲ ይሁንልህ» ይልና ወደ ቤት ይገባል።

ልቡ በእንቅልፉ ቆመ። በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ ፈርቼለት፣ አልጋው ላይ ሄደ።

ሊያጽናኑን የመጡት ሰዎች ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ሚስቱ ጠራችኝ። እትዬ ነው የምላት። ረጅሙ ሞተር አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

«ጠዋት በር በከፈትኩ ቁጥር ይሄን እያየሁ አልችልም» አለች። «አንድ የመንገድ ቀያሽ እፈልገዋለሁ ብሏል። ግን አንተ ትቀድማለህ። የምትነዳው ከሆነ ውሰደው፣ ያንተ ነው። እንደ ሐውልት ልታቆመው ከሆነ ግን አይሆንም፣ ይሸጣል።»

«እነዳዋለሁ እትዬ።»

«በአፍ አይነዳም። ነድተህ ና።»

ከሱ ዕቃ ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ካፖርቱ ይሰፋኛል፤ ሰዓቱን ለልጁ ሰጥታዋለች። ያን ሞተር ግን በሰው እጅ ማየት አልፈለግሁም።

መጀመሪያ የወሰድኩት ወደ መካኒካችን ነው። «መላ አለው» ብለን ነው የምንጠራው፤ ምን ቢሰበር ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም። አንዴ እግሬን፣ አንዴ መቀመጫውን አየና «መላ አለው» አለ። «ሞላውን ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ስፖንጁን እቀንሰዋለሁ፣ መሪውን ወደ አንተ አመጣዋለሁ።»

«አትንካው። እሱ እንዳስተካከለው ነው የምነዳው።»

«እንግዲያው መቆም ስትፈልግ አጥር ያለበት ሰፈር ፈልግ» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠው። እሱም የጋሼ ጓደኛ ነበር።

ወደ ማማው በሚወስደው የጠጠር መንገድ ወጣሁ። እጆቼ ዛፍ እንዳቀፈ ሰው ተዘረጉ። ግን ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ ያየሁት! ከጉብታው ማዶ ያለው ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ያለው ወንዝ ሁሉ ይታያል። ለዓመታት በዚያ መንገድ ተመላልሼ የማውቀው የወንድሜን ጀርባ ብቻ ነበር። መርገጫው ላይ ስቆም ደግሞ ሞተሩ ከሥሬ ለብቻው የሚራመድ በቅሎ ሆነ፤ የኔን መሪ የሚያስለቅቀኝን ድንጋይ ትልቁ ጎማ ዝም ብሎ አለፈው። ጋሼ ልክ ነበር። ልክ ነበርክ ብዬ የምነግረው ሰው ግን የለም። ሄልሜቴ ውስጥ ጮክ ብዬ ተናገርኩት፤ የገዛ ትንፋሼ መልሶ ፊቴን አሞቀው።

ከገደሉ አፋፍ ያለው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ለመታጠፍ ዘገየሁ። ጎማው ወደ ውጭ ሄደና ዳር ላይ ከተከመረው ልል ጠጠር ገባ። ፍሬን ያዝኩ፤ ቆመ። እግሬን ሰደድኩ፤ መሬቱ የለም። ቀስ ብለን፣ እንደ ሽማግሌ፣ አብረን ተጋደምን። አልተጎዳሁም፤ ክርኔ ብቻ ተላጠ። ሞተር ሲወድቅ ሁሌም ለሁለት ነበር የምናነሳው፤ እሱ መሪውን፣ እኔ የኋላውን። ተነሥቼ ከኋላ በኩል ያዝኩና ቆምኩ። መሪውን የሚይዝ ሰው እየጠበቅሁ መሆኔን ያወቅሁት ወገቤ ሲደክም ነው። በመጨረሻ ጀርባዬን መቀመጫው ላይ አስደግፌ በእግሬ እየገፋሁ አነሣሁት።

ጥፋቱን ለጎማው ሰጠሁ። ትልቅ ጎማ ለመታጠፍ ሰነፍ ነው፤ ይሄንንማ ድሮም ብዬዋለሁ አልኩ።

በማግሥቱ ለፍርድ እንዲመች የራሴን ሞተር ይዤ በዚያው መንገድ ወጣሁ። እዚያው መታጠፊያ ላይ፣ ሐሳቤን የሚያውቀው ሞተር፣ ልክ እንደ ረጅሙ ወደ ውጭ ይዞኝ ሄደ። እዚያው ጠጠር ውስጥ ቆምኩ። ልዩነቱ እግሬ መሬት መድረሱ ብቻ ነው።

ሞተሩን አጠፋሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኖብኝ ነበር። መታጠፊያው ሲቀርብ ዓይኔ የሚፈልገው መንገዱን አልነበረም፤ የሱን የኋላ ቀይ መብራት ነበር። እሱ ሲያጋድል አጋድላለሁ፤ እሱ ሲቃና እቃናለሁ። ሐሳቤን የሚያውቀው ሞተሩ አልነበረም። ተመልሼ ደግሜ ሞከርኩት፤ የመታጠፊያውን መውጫ እያየሁ ለመግባት ታገልኩ። ዓይኔ ግን እየተንሸራተተ ባዶው ቦታ ላይ ወደቀ።

እትዬ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «እህሳ?»

«ትናንት ወደቅሁበት።»

«ተጎዳህ እንዴ?»

«ክርኔን ብቻ። ዛሬ ደግሞ በራሴም ሞተር መታጠፍ አቃተኝ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ስላንተ ሲያወራ፣ ዓይኑን ከኔ ላይ አያነሳም ይለኝ ነበር። ስለዚህ መታጠፊያ ላይ ቀስ እላለሁ፣ እንደ ፍላጎቴ ብገባ ተከትሎኝ ገደል ይገባል ይል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ክርክሩ እንዳይቀርበት ነዋ! ሶፋ ምናምን እያለ እራት እስኪቀርብ ሲስቅ አልነበር?»

ሞተሩን አየሁት። ዝቅ ካስደረግሁት የኔው ሞተር ሁለተኛ ይሆናል። ካላስደረግሁት እግሬ መሬት አይደርስም፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል።

«ቀያሹን ይምጣ በይው» አልኳት።

ቀያሹ ቅልጥመ ረጅም ሰው ነው። ተቀመጠበት፤ ሁለቱም ተረከዞቹ መሬት ያዙ፣ ክንዶቹ መሪው ላይ ሳይንጠራሩ አረፉ። «በልኬ የተሰፋ ነው የሚመስለው!» አለ። እትዬ ፊቷን ወደ ቤት አዞረች።

«ወንድሜ፣ በዚህ በኩል ያለውን መንገድ አላውቀውም» አለኝ። «እስከ አስፋልቱ ቅደምልኝ፣ እከተልሃለሁ።»

ቀድሜ አላውቅም። ግን ምን እላለሁ? ሄልሜቴን አጠለቅሁና ወጣሁ። ስፔኪዮዬ ውስጥ የጋሼ ሞተር የፊት መብራት ይታየኛል፤ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ከዚያች ትንሽ መስታወት ዓይኔን መንቀል አልፈለግሁም። ወደ አስፋልቱ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ሲጀምር ግን ከኋላዬ የሚመጣው ሰው መንገዱን እንደማያውቅ ትዝ አለኝ። እኔ ወደ ገደሉ ከሄድኩ ይከተለኛል። ፍጥነቴን ቀነስኩ። መስታወቱን ተውኩትና መንገዱ የሚወጣበትን አየሁ። አጭሩ ሞተር ታጠፈ።

አስፋልቱ ላይ ቀያሹ አጠገቤ መጥቶ እጁን አነሣና ወደ ግራ ሄደ። ድምፁን የሌላ መኪና ድምፅ እስኪውጠው ድረስ ቆሜ ሰማሁት። የዚያን ቀን የምጠግነው ማማ ያለው በቀኝ በኩል ነበር።