የሷሊሕ መሐላና የፀሐይ ፓምፕ

ናፍጣ ቸርቻሪ ነኝ። ከሸዋሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው አስፓልት ዳር በበርሜል አስወርጄ በጀሪካን እሸጣለሁ። ስለዚህ በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ላይ «ከካርቦን ልቀት ነፃ የሆነ ቀበሌ ለመፍጠር በሚያስችሉ አማራጭ የኃይል ምንጮች ዙሪያ የሚደረግ ውይይት» የሚል ጥሪ ሲመጣ ከሁሉም ቀድሜ ብገኝ አይፈረድብኝም። ሊቀብሩኝ ሲመካከሩ ቢያንስ ምን እንደሚሉ ልስማ ብዬ ነው። ደግሞም ወንዙ ዳር ግማሽ ጥማድ የሽንኩርት መሬት ስላለኝ የመስኖ ማኅበሩ አባል ነኝ።

ስብሰባው በገበሬ ማሠልጠኛው አዳራሽ ነበር። የሮቢትን የግንቦት ሙቀት ለማያውቀው ማስረዳት ይከብዳል፤ ቆርቆሮው ሥር የተቀመጠ ሰው ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከወረዳ የመጣው ተመስገን የሚባል ወጣት ባለሙያ ግን ማብራራቱን አልተወም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ አገራችን በ2017 ዓ.ም. ጭስ ሳትጨምር መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ተርታ እንደምትሰለፍ፣ የእኛም ቀበሌ ለሞዴልነት እንደተመረጠ ነገረን። ከሰል ይቀራል፣ ናፍጣም ይቀራል አለ። ይህን ሲል ጥቂት ሰዎች ዞረው አዩኝ።

መጀመሪያ የተነሡት አባ አብዱረሂም ነበሩ። «የኔ ልጅ፣ ይኼን ሰማይ ያበላሸው የፈረንጅ ፋብሪካ ነው ብለኸናል። ታዲያ እዚህ የተቀመጠችውን የራቢዓን ምድጃ አጥፍተን ነው የምናስተካክለው?»

ተመስገን ሁሉም የድርሻውን መወጣት አለበት ብሎ መለሰ። አባ አብዱረሂም የድርሻችንን መጠን ሲጠይቁት ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ።

ነፋስ ተነሣ። ነፋሱ ደብረ ብርሃን ነው ያለው፣ ወደኛ የሚወርደው አቧራው ብቻ ነው ተባለና ቀረ። መብራት ተነሣ። ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር በማሳችን ላይ ያልፋል፤ እኛ ግን ጥላውን ብቻ ነው የምናገኘው። ይህም ከተስፋ ጋር ተመዘገበ። ሁለት ነገሮች ቀሩ፦ ከእበት የሚወጣው ባዮጋዝና በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ። ድርጅቱ አንዱን ብቻ ነው የሚረዳን፣ ምርጫው የእናንተ ነው አለ ተመስገን።

ለፀሐይ የተሟገተው ሀሩን ነው። ሀሩን ጅዳ አምስት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የራቢዓ ታላቅ ወንድም ነው። «ፀሐይ እዚህ አገር ምን ያሳጣናል? ሲያቃጥለን ከኖረ አንድ ቀን ደግሞ ያገልግለን» አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ራቢዓ ደግሞ ባዮጋዝን ደገፈች። የሴቶች ቡድን መሪ ናት፤ አጣዬ ድረስ ሽንኩርት እየወሰደች የምትነግድ፣ ፊት ለፊት የምትናገር ሴት። አስቀድማ ሼህ አብዱልሃዲን ጠየቀች። «ሼህዬ፣ ከእበት በወጣ እሳት የበሰለ ምግብ ነጃሳ ነው የሚሆነው?»

ሼሁ ኪታብ ሳያዩ የማይናገሩ ሰው ናቸው። «ልመልከትና እነግራችኋለሁ» አሉ።

«ሐላል ከሆነ እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ፀሐዩ ማሳ ያጠጣል፤ ዓይናችን የሚጠፋው ግን ማድቤት ነው። ደግሞ ማሳውን እስከ ዛሬም የሷሊሕ ሞተር አጠጥቶታል።» ፈገግ አለች። «ሞተሩን እንደሚንከባከበው እኔን ቢንከባከበኝ ኖሮ ይኼን ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ በሆንኩ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ሷሊሕ ባሏ ነው። የማኅበሩን ማሳ በሙሉ የሚያጠጣው የናፍጣ ሞተር የሱ ነው፤ በመስኖ ወቅት ሰው ሁሉ ደጁን ይጠናል። ክፉ ሰው አይደለም። የድሃ ማሳ ሲደርቅ ሳይጠየቅ ሞተሩን ተሸክሞ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ግን ሲስቁበት አይወድም፤ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ሲወገዝ ነው የዋለው።

ብድግ አለና ተመስገን ለማሳያ ግድግዳው ላይ ያስደገፈውን ሶላር በጣቱ አመለከተ። «ወላሂ! ይኼ መስታወት ያለ ናፍጣ ከወንዙ ውሃ አውጥቶ ማሳ ካጠጣ፣ ራቢዓ በሦስት ጦላቅ የተፈታች ትሁን!»

ሳቁ ባንዴ ቆመ። ሼህ አብዱልሃዲ «አስተግፊሩላህ» ብለው መቁጠሪያቸውን ጨበጡ። በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ በጦላቅ መማል የዋዛ ነገር አይደለም። የተባለው ነገር ከሆነ ሚስት ተፈታች ማለት ነው፤ ሦስት ብሎ የማለ ደግሞ እንደገና ላግባሽ ቢልም መንገዱ ዝግ ነው። የአራት ልጆች ቤት በአንድ መስታወት ላይ ተንጠለጠለ። ራቢዓ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ክርክር ስለ ኃይል ምንጭ አልነበረም፤ ተመስገን ብቻ ነው ያልገባው። ድምፅ ስጡ ሲባል ባዮጋዝን የሚደግፍ እጁን ያውጣ ቢል አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። ለእበት ያልነበረን ፍቅር ባንዴ መጣብን። ሀሩን ራሱ ስለ ፀሐይ ያን ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ ለእህቱ ሲል እጁን አነሣ። ተመስገን «በሙሉ ድምፅ» ብሎ መዘገበና እንዲህ ያለ የነቃ ሕዝብ አይቶ እንደማያውቅ ነገረን። እኔም ደስ አለኝ፤ ማድቤቱ በእበት ቢበራ ማሳው በናፍጣዬ መጠጣቱን ይቀጥላል ብዬ።

ሐምሌ ላይ አንድ የጭነት መኪና መጣና የፀሐይ ፓምፕ አራገፈ።

ሀሩን ሸዋሮቢት ድረስ ሄዶ ተመስገንን ጠየቀው። ልጁ አፍሮ ነበር። ዕቃው ለካ ስብሰባው ሳይጠራ በፊት ተገዝቶ ጅቡቲ ደርሶ ኖሯል። ውይይቱ የተጠራው ሕዝቡ እንዲወያይበት ነው እንጂ እንዲመርጥ አልነበረም። በዚያ ዘመን ስብሰባ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ብዙም አይደነቅም፤ እኛም አልተደነቅንም። የጨነቀን ሌላው ነገር ነው።

ሼህ አብዱልሃዲ ስለ እበቱ ሊያዩ የገለጡትን ኪታብ ስለ ጦላቁ ገለጡት። ደሴ ያሉ ዓሊም ድረስ ሰው ላኩ። መልሱ ሲመጣ ሷሊሕን ጠርተው ነገሩት፤ እኔ የሰማሁት ከራሱ ከሷሊሕ ነው። ነገሩ በኒያው፣ በልቡ በነበረው ሐሳብ፣ ይወሰናል ተባለ። ሲምል ሚስቱን ለመፍታት አስቦ ከሆነ፣ ውሃው በወጣ ሰዓት ተፈታች። በንዴት ነገሩን ለማክረር ብቻ ተናግሮት ከሆነ ግን በአላህ ምሎ በሰው ፊት ይናገር፤ ለመሐላው አሥር ምስኪን ያብላ፣ ትዳሩም አይፈርስም። በልቡ የነበረውን ከሱና ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ታዲያ ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ምንም።» ጀሪካኑን እየሞላሁለት ነበር። «ጋሼ ሽፈራው፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ምዬ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ዋሽቼ ነው ልበል? ደግሞ አይሠራም። ሞተር አውቃለሁ። ፀሐይ ዳቦ እንኳ አትጋግርም።»

«ቢሠራስ?»

«አይሠራም አልኩህ።»

አላከረርኩበትም። ናፍጣ የሚሸጥ ሰው ፓምፑ ይሠራል ብሎ የሚከራከርበት ምክንያት የለውም። ራቢዓን ግን በዚያ ክረምት ገበያ ላይ አገኛት ነበር። ከስታለች። ዋጋ አትከራከርም፤ የሰጧትን ተቀብላ ትሄዳለች። አንድ ቀን ትንሿን ልጅ ይዛ ሀሩን ደጅ ቆማ አየኋትና ምን ሆነሽ ነው አልኳት። «ምንም፣ ጋሼ። ልጅቱ ያጎቷን ቤት ትልመደው ብዬ ነው» አለችኝ። ሰው ልጁን ሲያለማምድ ማየት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ጥቅምት ላይ ፓምፑ ተተከለና የምረቃው ቀን ደረሰ። ድንኳን፣ ባነር፣ ለእንግዶች ለስላሳ። ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና አልነበረም፤ አንዳንዱ ሰው ቀና እያለ ሲያይ ደመና እየለመነ እንደሆነ ያስታውቃል። ከዞን የመጡት ባለሥልጣን ስለ አረንጓዴ ልማት ረጅም ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱም ሪባኑን ቆርጠው፣ «ማብሪያውን ደግሞ የሴቶች ተወካይ ታብራልን፤ ልማት ያለ ሴቶች ተሳትፎ አይሆንም!» አሉ።

የሴቶች ተወካይ ራቢዓ ናት። ማንም አልነገራቸውም። ማን ይንገራቸው?

ራቢዓ ቀስ ብላ ወጣችና ማብሪያው ላይ እጇን አሳረፈች። ከዚያ ዞረች። ባሏ ቦዩ ዳር ቆሟል። አየችው። እንዳትቀድመው እየጠበቀችው እንደሆነ ከባለሥልጣኑ በቀር ሁላችንም ገብቶናል።

ሼህ አብዱልሃዲ ወደ ሷሊሕ ጠጋ አሉ። «በል እንጂ፣ ልጄ። የምትለው ካለህ አሁን ነው።»

ሷሊሕ መሬት መሬት አየ። አሁንም እንደማይሠራ ተስፋ ያደርግ ነበር መሰለኝ።

«ምነው፣ እናቴ፣ ፈራሽ እንዴ? አይነዝርም!» አሉ ባለሥልጣኑ እየሳቁ።

ራቢዓ ማብሪያውን ተጫነችው።

ድምፅ አልነበረውም ማለት ይቻላል። የሷሊሕን ሞተር ለለመደ ጆሮ ምንም የሆነ አይመስልም። ቱቦው ግን ሁለት ጊዜ አየር ተፋ፤ ከዚያ ውሃው እንደ ክንድ ወፍሮ ወጣና ቦዩን ይዞ ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። ባለሥልጣኑ አጨበጨቡ። ሌላ ያጨበጨበ የለም። «እልል በሉ እንጂ!» አሉ ዙሪያቸውን እያዩ። አንዲት አሮጊት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ይኼኔ ነው ሷሊሕ ቦዩን ከነጫማው ተሻግሮ የሮጠው። «ሼህዬ! በልቤ አልነበረም! ልፈታት ብዬ አልማልኩም፤ አብሽቀውኝ ነው እንጂ!»

«በአላህ?»

«በአላህ። ወላሂ በልቤ አልነበረም።»

ሼሁ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እንግዲያው ኒካሑ አለ፣ ትዳሩ አልፈረሰም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አሥር ምስኪን ታበላለህ።»

እልልታው ያኔ ቀለጠ። ሴቶቹ ዘለሉ፣ ሀሩን አለቀሰ፣ እኔም ናፍጣዬን ረስቼ አጨበጨብኩ። ባለሥልጣኑ ለውሃው መስሏቸው እጃቸውን እያውለበለቡ አመሰገኑን።

ሷሊሕ ፊቱ በርቶ ወደ ሚስቱ ሄደ። «አልሐምዱሊላህ! ነይ፣ ቤታችን እንግባ።»

ራቢዓ ከማብሪያው አልተነቃነቀችም። «መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችው።

«ምኑን?»

«በልብህ እንዳልነበረ።»

የሚያስደስታት መልስ መስሎት ፈጠን ብሎ መለሰላት። «ያኔውኑ! ወላሂ፣ ቃሉ ካፌ ሲወጣ ራሱ አውቄው ነበር።»

«ክረምቱን ሙሉ ታውቅ ነበር» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጎንህ ተኝቼ ልጆቼን ለማን እንደምከፋፍል ሳስብ ሳድር፣ አንተ ታውቅ ነበር።»

ራቢዓ ሻርፗን አስተካከለችና ትንሿን ልጅ ከአክስቷ እጅ ተቀብላ ወደ ሀሩን ቤት በሚወስደው መንገድ ሄደች። ያስቆማት ሰው የለም፤ ሼሁም መንገዱን ለቀቁላት።